ከምድር ባቡር እስከ ስልክ ታክሲ፤ ዐዲስ ሥራ በመጣ ጊዜ መንግሥትን የመከረው ማን ነው?

፩. መግቢያ

ማለዳ ከቤቴል ወደ ጦር ኃይሎች ለመሄድ መንገድ ዳር የቆመ ተማሪ የከተማችንን የመጓጓዣ ታሪክ በአንድ ቦታ ተሰልፎ ያየዋል። በአንድ ወገን ታፔላ የለጠፈው ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ ተራ አስከባሪው እስኪያዝዘው ድረስ ቆሞ ይጠብቃል፤ ረዳቱም በሩን ይዞ መንገደኛ ይጣራል። በሌላው ወገን አውቶቡስ የሚጠብቁ ሰዎች ይታያሉ። ከነዚህ አለፍ ብሎ ደግሞ ተራ የማይጠብቅ፥ ታፔላም የሌለው፥ በስልክ የተጠራ መኪና መጥቶ አንዱን መንገደኛ ከሰልፉ መካከል ይዞት ይሄዳል። ጦር ኃይሎች ከተደረሰ በኋላም በጥቅምት ወር 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው፥ መድረሻው አያት የሆነው የከተማ ባቡር አለ።

እነዚህ ሁሉ በየጊዜያቸው ዐዲስ ነበሩ። እያንዳንዱም ሲመጣ ከፊተኛው እንጀራ ቈርሶ ነው። የተቈረሰበትም ወገን ሁልጊዜ ወደ መንግሥት ሄዶ አቤት ብሏል፤ ዐዲሱም በበኩሉ መንገዱ እንዲከፈትለት ለምኗል። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ ሁለቱም ወገን ለየራሱ ጥቅም ሲናገር፥ ለመንገደኛውና ለገበያው አስቦ መንግሥትን የሚመክረው ማን ነው?

በሌሎች አገሮች ይህ ተግባር በከፊል ለንግድ ውድድር ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤቶች ተሰጥቷል። ሕዝቡ እነዚህን መሥሪያ ቤቶች የሚያውቃቸው ተስማምተው ዋጋ የሚያስወድዱ ነጋዴዎችን በመቅጣታቸው ነው። ነገር ግን ከቅጣት የማይተናነስ ሌላ ሥራ አላቸው፤ ይኸውም ዐዲስ ደንብ ገና በረቂቅ ሳለ፥ ደንቡ ውድድርን የሚጎዳ መሆን አለመሆኑን መርምሮ ለመንግሥት በጽሑፍ አስተያየት መስጠት ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ይህ የምክር ሥራ በአገራችን እንዴት እንደ ነበረ፥ በሌላው ዓለም ምን እንዳስገኘ፥ ለእኛስ ምን እንደሚያስተምር በታሪክ ቅደም ተከተል ለማየት እንሞክራለን። የውጭው ዘመን ካልተጠቀሰ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ግን አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። ዐዲስ ነገር ሁሉ ነባሩን አያናጋም። ሚኒባሱ በተሻለ ሚኒባስ ቢተካ ፈቃዱም፥ ታፔላውም፥ ታሪፉም እንደ ነበረ ይቀጥላል። ነባሩን የሚያናጋ ፈጠራ የምንለው ግን ሕጉ ያላሰበውን መንገድ ይዞ የሚመጣውን ነው። ተቈጣጣሪው ደንቡን በእጁ ይዞ ሳለ ደንቡ የሚናገረው ስለ ሌላ ነገር ሆኖ ያገኘዋል። ምክር የሚያስፈልገውም በዚህን ጊዜ ነው።

፪. ዱሮ፤ ዐዲስ ነገርና ብቸኛ መብት

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ታላቁ ዐዲስ ነገር የምድር ባቡር ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በ1886 ዓ.ም. ሐዲዱን የመዘርጋት መብት ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ሰጡ፤ ዘመኑም 99 ዓመት ነበር። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፥ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። ቀድሞ በበቅሎና በግመል ዕቃ እያመላለሰ ከጠረፍ እስከ መሐል አገር ይመላለስ የነበረው ሲራራ ነጋዴ በዚህ መሥመር ላይ ተወዳዳሪ ሊሆን አልቻለም። የአገሪቱ የንግድ መንገድም ወደ ምሥራቅ ዞረ፤ ዐዳዲስ ከተሞችም በሐዲዱ ዳር ቈረቈሩ።

ሁለተኛው ባንክ ነው። በ1897 ዓ.ም. በተደረገው ስምምነት መሠረት የአቢሲኒያ ባንክ ለ50 ዓመት የሚጸና ብቸኛ መብት ተሰጠው፤ ባለቤትነቱም ከግብፅ ብሔራዊ ባንክ ጋር የተያያዘ ነበር። በዘመነ ቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. ይህ ባንክ ዘመኑ ሳይፈጸም ተዘጋ፤ በምትኩም የኢትዮጵያ ባንክ ተቋቋመ።

በእነዚህ በሁለቱ ምሳሌዎች አንድ ዐይነት አሠራር እናያለን። ዐዲሱን ነገር ለማስገባት መንግሥት የሰጠው ዋጋ ብቸኛ መብት ነበር። ይህም ያለ ምክንያት አልነበረም፤ የአገሪቱ ግምጃ ቤት ሐዲድ ለመዘርጋት የሚበቃ ገንዘብ አልነበረውም፤ ገንዘብ ያለውም ባዕድ ተፎካካሪ እንዳይመጣበት ዋስትና ሳይዝ ገንዘቡን በበረሓ ላይ ሊያፈስ አይፈቅድም ነበር። ስለዚህ የዘመኑን ሰዎች ለመውቀስ መቸኰል አይገባም።

ነገር ግን ልናስተውለው የሚገባ ሌላ ነጥብ አለ። ኢልግ የሐዲዱ ባለ መብት ብቻ አልነበረም፤ የንጉሠ ነገሥቱ የቅርብ አማካሪም ነበር። እንግዲህ ስለ ዐዲሱ ነገር የሚያውቀው፥ ስለ ዐዲሱ ነገር የሚመክረውና በዐዲሱ ነገር የሚጠቀመው አንድ ሰው ነበር ማለት ነው። ሲራራ ነጋዴው በአማካሪው ወንበር አጠገብ ወኪል አልነበረውም፤ ለባቡሩ ኪራይ የሚከፍለው ቡና ላኪም እንዲሁ። ኢልግ አገሪቱን በቅንነት ማገልገሉን ብዙዎች ይመሰክሩለታል፤ ሆኖም የአንድ ሰው ቅንነት የሥርዓትን ጕድለት አይሸፍንም። አማካሪው ከባለጥቅሙ መለየት አለበት የሚለው የዛሬው ዘመን ሐሳብ መነሻው ይኸው ዐይነት ጕድለት ነው።

፫. ሕግና መሥሪያ ቤት

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ከአንቀጽ 132 ጀምሮ ስለ ንግድ ውድድርና መልካም ስላልሆነ የውድድር ሥራ ደንግጓል። ይህ ታላቅ እርምጃ ነበር። ዳሩ ግን ሕጉ ነገሩን ያየው በሁለት ነጋዴዎች መካከል እንደሚነሣ ክርክር ነው፤ የተጎዳው ነጋዴ ፍርድ ቤት ሄዶ ይከሳል፥ ዳኛውም ይፈርዳል። ለገበያው በጠቅላላው የሚያስብ፥ ለመንግሥትም ምክር የሚያቀርብ መሥሪያ ቤት አላቋቋመም። በ1967 ዓ.ም. ባንኮች፥ ኢንሹራንሶችና ታላላቅ ፋብሪካዎች የመንግሥት ሀብት ከሆኑ በኋላም ስለ ውድድር መናገር ቦታ አልነበረውም። የመኪና ማጓጓዣውም ሥራ በመንግሥት ድልድል ሥር ዋለ፤ ገበያውም ዳግመኛ መከፈት የጀመረው በ1984 ዓ.ም. በወጣው የመንገድ ትራንስፖርት አዋጅ ቍጥር 14 ነው።

የመጀመሪያው የውድድር መሥሪያ ቤት የተገኘው በ1995 ዓ.ም. በወጣው የንግድ አሠራር አዋጅ ቍጥር 329 ነው። አዋጁ አጣሪ ኮሚሽን አቋቋመ፤ ነገር ግን ኮሚሽኑ በንግድና ኢንዱስትሪ ሚኒስቴር ሥር ነበር፤ ውሳኔውም የሚጸናው በሚኒስትሩ ሲጸድቅ ነበር። ከዚህም በላይ አዋጁ ለመንግሥት ብቻ የተከለሉትን ሥራዎችና ለልማት ከፍ ያለ ጥቅም አላቸው ተብለው የሚሰየሙትን ድርጅቶች ከሕጉ ውጭ አደረጋቸው። በዚያ ዘመን ስልክ የመንግሥት ብቻ ስለ ነበረ፥ ነባሩን የሚያናጋው ታላቁ ፈጠራ የተነሣበት ሜዳ ገና ከመጀመሪያው ለኮሚሽኑ ዝግ ነበር ማለት ነው።

በ2002 ዓ.ም. አዋጅ ቍጥር 685 የንግድ አሠራርንና የሸማቾችን ጥበቃ በአንድ ባለ ሥልጣን ሥር አዋሐደ። በ2006 ዓ.ም. አዋጅ ቍጥር 813 ይህን ሽሮ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ ባለ ሥልጣንን አቋቋመ። ይህ ባለ ሥልጣን የራሱ ስምና የራሱ የዳኝነት ችሎት ነበረው። ሆኖም በ2014 ዓ.ም. የአስፈጻሚ አካላትን ሥልጣን ለመወሰን በወጣው አዋጅ ቍጥር 1263 መሥሪያ ቤቱ ፈርሶ ሥራው ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ተዛወረ።

እንግዲህ ከ1995 እስከ 2014 ዓ.ም. ባሉት 19 ዓመታት ውስጥ ሦስት አዋጆች ወጡ፤ መሥሪያ ቤቱም ከሚኒስቴር ወጥቶ ተመልሶ ወደ ሚኒስቴር ገባ። ለመፍረሱ የቀረበው አጠቃላይ ምክንያት ተመሳሳይ ሥራ የሚሠሩትን መሥሪያ ቤቶች ማሰባሰብና ወጪን መቀነስ ነው፤ ለደኻ አገር ይህ ምክንያት ቀላል አይደለም። ነገር ግን የንግድ ፈቃድ የሚሰጠው፥ የዋጋን ጉዳይ የሚከታተለውና የንግድ ፖሊሲ የሚያወጣው ሚኒስቴር ስለ ራሱ ደንብ ራሱን መምከር ይኖርበታል። መካሪና ተመካሪ አንድ ሲሆኑ ምክር የሚባለው ነገር ይቀራል።

፬. በሌላው ዓለም

ስልክ ታክሲ በሰፊው በተነሣባቸው ዓመታት የውድድር መሥሪያ ቤቶች ያደረጉትን በአጭሩ እንመልከት።

በአሜሪካ በ2005 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2013) የኮሎራዶ ግዛትና የዋሽንግተን ከተማ ተቈጣጣሪዎች በስልክ ስለሚጠሩ መኪናዎች ደንብ ባረቀቁ ጊዜ፥ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ባለሙያዎች አስተያየታቸውን በጽሑፍ ላኩ። ፍሬ ነገሩ የሚከተለው ነበር፤ የነጂው ብቃት፥ የመኪናው ደኅንነትና የዋጋው መገለጥ ይጠበቅ፤ ከዚህ ያለፈ ክልከላ ግን ለመንገደኛው የሚሰጠው ጥቅም ካልታየ አይደንገግ። ኮሚሽኑ ይህን ለማስገደድ ሥልጣን አልነበረውም፤ የነበረው የምክር ሥልጣን ብቻ ነው።

በለንደን የከተማው የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት በ2008 ዓ.ም. መግቢያ (እ.ኤ.አ. 2015) ባቀረበው ረቂቅ ውስጥ መኪና በስልክ ከታዘዘ በኋላ መንገደኛው ቢያንስ 5 ደቂቃ ሳይጠብቅ ጕዞ አይጀመርም የሚል ሐሳብ ነበረበት። የብሪታንያ የውድድርና የገበያ ባለ ሥልጣን ይህን ተቃወመ፤ መኪናው ደጃፍ ደርሶ ሳለ መንገደኛው በዝናብ ቆሞ 5 ደቂቃ መጠበቁ ለደኅንነቱ የሚጨምርለት ነገር የለምና። ባለ ሥልጣኑ ሌላም ነጥብ ጨመረ፤ ነባሮቹ ባለታክሲዎች ሸክማቸው ከብዶ ከሆነ በዐዲሱ ላይ ተመሳሳይ ሸክም ከመጫን ይልቅ የነባሩን ማቃለል ይሻላል አለ። በጥር ወር የከተማው መሥሪያ ቤት የ5 ደቂቃውን ሐሳብ ተወው፤ ስለ ነጂዎች ቋንቋና ስለ ኢንሹራንስ ያሰባቸውን ግን ቀጠለባቸው። ይህም ምክር ሁሉን እንደማያስጥል፥ ነገር ግን ጥቅም የሌለውን ከጠቃሚው እንደሚለይ ያሳያል።

በሜክሲኮ የውድድር ኮሚሽኑ በ2007 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2015) ለግዛቶቹ ሁሉ ይህን ዐዲስ አገልግሎት በሕግ እንዲያውቁት መከረ። የሜክሲኮ ከተማ በዚያው ዓመት ደንብ አወጣ፤ አገልግሎቱንም ፈቀደ፤ ነገር ግን ከእያንዳንዱ ጕዞ 1.5 በመቶ ለመጓጓዣ ልማት እንዲከፈልና መኪናውም ከተወሰነ ዋጋ በታች እንዳይሆን ደነገገ።

ለእኛ ይልቁን የምትቀርበው ኬንያ ናት። ኤም ፔሳ በ1999 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2007) ሲጀመር ለስልክ ገንዘብ የተጻፈ ሕግ አልነበረም፤ የኬንያ ማዕከላዊ ባንክም ተቃውሞ የለኝም የሚል ደብዳቤ ሰጥቶ ሥራው እየታየ እንዲሄድ አደረገ። ነባሮቹ ባንኮች አጕረመረሙ፤ ሥራው ግን ሰፋ። ሆኖም ነባሩን ያናጋው ዐዲስ እርሱ ራሱ ነባር ሆነ። ሳፋሪኮም ወኪሎቹ ለሌላ ድርጅት እንዳይሠሩ ያግድ ነበርና ተፎካካሪው ኤርቴል ለኬንያ የውድድር ባለ ሥልጣን አቤት አለ፤ በሐምሌ 2006 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2014) ወኪሎቹ ከእግዳው ነፃ ሆኑ። ከሁለት ዓመት በኋላም ባለ ሥልጣኑ በስልክ ገንዘብ የሚያንቀሳቅሱ ድርጅቶች የአገልግሎታቸውን ዋጋ ደንበኛው ከመክፈሉ በፊት እንዲያሳዩት አዘዘ። ከዚህ የምንማረው የውድድር መሥሪያ ቤት የዐዲሱ ጠበቃ ብቻ አለመሆኑን ነው። ዐዲሱ ሲገባ በሩ እንዳይዘጋበት ይከራከራል፤ ከገባ በኋላ ደግሞ እርሱ በተራው በሩን በኋላው እንዳይዘጋ ይጠብቃል።

፭. የእኛ ጉዳይ

ወደ አዲስ አበባ እንመለስ። በወይዘሮ ሳምራዊት ፍቅሩ የተቋቋመው ሃይብሪድ ዲዛይንስ ራይድ የተባለውን አገልግሎት ሲጀምር መንገደኛው በአጭር የጽሑፍ መልእክት ይጠራ ነበር፤ በኋላም 8294 በሚለው ቍጥርና በስልክ መተግበሪያ ሥራው ሰፋ፤ ሌሎችም ተከተሉት። ከዚህ በፊት በላዳ ለመሄድ የፈለገ ሰው በዋጋ ይከራከር ነበር፤ በተለይ ማታ፥ በተለይም እንደ ቤቴል ካለው የከተማ ዳርቻ ነዋሪ ሲሆን፥ ባለመኪናው ባዶ እመለሳለሁ እያለ ዋጋ ይጨምርበታል። ዐዲሱ አገልግሎት ዋጋውን በርቀትና በጊዜ አስልቶ አሳየ፤ የነጂው ስምና የመኪናው ሰሌዳም ታወቀ። ማታ ከሥራ ወይም ከትምህርት የምትመለስ ሴት ለዚህ የምትሰጠው ዋጋ ትንሽ አይደለም።

የሕጉ ችግር ግን ወዲያው ታየ። በነዚያ ዓመታት በነበረው የሰሌዳ ሥርዓት ኮድ 1 የታክሲ፥ ኮድ 2 የግል፥ ኮድ 3 የንግድ መኪና ነበር። በስልክ የሚጠሩት መኪናዎች በብዛት ኮድ 3 ነበሩ። የኮድ 1 ባለታክሲዎች እኛ የታክሲ ፈቃድ ይዘን፥ በተወሰነልን ታሪፍና ቦታ እየሠራን ሳለ እነዚህ በየት በኩል ገቡ ብለው አቤት አሉ። አቤቱታቸው ሐሰት አልነበረበትም፤ ሸክሙ በርግጥ እኩል አልነበረም። ነገር ግን ለአቤቱታው ሁለት መልስ አለ። አንደኛው ዐዲሱን ወደ ነባሩ ደንብ ማስገባት ነው። ሁለተኛው የነባሩ ደንብ የትኛው ለመንገደኛው ደኅንነት፥ የትኛው በልማድ ብቻ የተቀመጠ እንደ ሆነ መርምሮ የማይጠቅመውን ከሁለቱም ላይ ማንሣት ነው። የመጀመሪያውን መልስ ማንኛውም ቢሮ ሊሰጠው ይችላል፤ ሁለተኛውን ለመስጠት ግን ከሁለቱም ወገን ጥቅም የሌለው መርማሪ ያስፈልጋል።

መርማሪ በሌለበት ጊዜ የሚሆነውን በሌሎች ሁለት ነገሮች አይተናል። በሰኔ 2011 ዓ.ም. መጨረሻ የአዲስ አበባ አስተዳደር ሞተር ሳይክል በከተማው እንዳይንቀሳቀስ ከለከለ፤ ምክንያቱም በሞተር የሚፈጸመው ወንጀል መብዛቱ ነበር፤ ልዩ ፈቃድ ያገኙት ብቻ ቀሩ። በየካቲት 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ ባጃጅ በከተማው እንዳይሠራ ታገደ፤ በኋላም በተወሰኑ መንገዶችና በዐዲስ ደንብ ተፈቀደ። ጸጥታን መጠበቅ የመንግሥት ተቀዳሚ ተግባር ነው፤ ይህን የሚክድ የለም። ሆኖም በዋናው መንገድና በመኖሪያ ሰፈሩ ውስጥ ለውስጥ መካከል ሽማግሌና ነፍሰ ጡር ይዞ የሚመላለሰው ባጃጅ ሲቆም፥ ወጪው የሚያርፈው መኪና በሌለው ሰው ላይ ነው። ያ ወጪ ከውሳኔው በፊት ተጽፎ በጠረጴዛ ላይ ቢቀርብ ኖሮ፥ ምናልባት በኋላ የተገኘው መካከለኛ መንገድ አስቀድሞ ይገኝ ነበር።

የስልክ ገንዘብ ጉዳይ ደግሞ የአሮጌውን ብቸኛ መብት ያስታውሰናል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2012 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ባንክ ያልሆኑ የአገር ውስጥ ድርጅቶች የክፍያ መሣሪያ እንዲያወጡ ፈቀደ። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን ጀመረ። በዚያው ወር ሳፋሪኮም የሚመራው ማኅበር በ850 ሚሊዮን ዶላር የስልክ ፈቃድ አገኘ፤ የገንዘብ አገልግሎት ግን በፈቃዱ ውስጥ አልነበረም። በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ የቴሌብር ደንበኞች ከ20 ሚሊዮን በላይ ሆኑ። የክፍያ ሥርዓቱ አዋጅ በ2015 ዓ.ም. ተሻሽሎ ለውጭ ባለሀብት ከተከፈተ በኋላ በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ኤም ፔሳ ፈቃድ አገኘ፤ በነሐሴም ሥራ ጀመረ። በኬንያ የገበያው ጌታ የሆነው በእኛ አገር እንግዳና ታናሽ ሆኖ መግባቱ ልብ የሚባል ነው።

ሁለት ዓመት መቅደም ለአንድ የመንግሥት ድርጅት ተገቢ ነበርን? የአገሩ ድርጅት እግሩን እስኪተክል ጊዜ ማግኘቱ አግባብ ነው የሚሉ አሉ፤ ኢልግ 99 ዓመት ባገኘበት አገር 2 ዓመት ምን አላት ቢባልም ያስኬዳል። በሌላው በኩል በስልክ ገንዘብ ሥራ ቀድሞ የገባው ወኪሉንም፥ ደንበኛውንም፥ ነጋዴውንም ይይዛል፤ በኋላ የሚመጣው ከባዶ ይነሣል። ለስልክ ሥራ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 1148 የተቋቋመው የኮሙኒኬሽን ባለ ሥልጣን በራሱ መስክ ስለ ውድድር ሥልጣን ተሰጥቶታል፤ ባንኩ የገንዘቡን፥ የከተማው ቢሮ የመኪናውን ይቈጣጠራል። እያንዳንዱ በሜዳው አዋቂ ነው። ነገር ግን ስልክ፥ ገንዘብና ታክሲ በአንድ የእጅ ስልክ ውስጥ ተቀላቅለዋል፤ ሦስቱንም አሻግሮ የሚያይ ዐይን የሚያስፈልገውም ስለዚህ ነው።

፮. መደምደሚያ

ከዚህ ሁሉ ታሪክ ሦስት ነገር መውሰድ ይቻላል። አንደኛ፥ ዐዲስ ነገር በመጣ ጊዜ ምክር አለመጠየቁ ማንም አልመከረም ማለት አይደለም፤ ባለጥቅሙ ሁልጊዜ ይመክራል። በምኒልክ ዘመን ዐዲሱ ባለጥቅም መከረ፤ በእኛ ዘመን ብዙ ጊዜ ነባሩ ይመክራል። ሁለተኛ፥ የምክር ሥልጣን ለማስገደድ ሥልጣን ባይኖረው እንኳ ይጠቅማል፤ የለንደኑ ምሳሌ አንድ በግልጥ የተጻፈ አስተያየት ምን ያህል እንደሚሠራ ያሳያል። ግን አስተያየቱ በግልጥ መታተም አለበት፤ በመዝገብ ቤት የተቈለፈ ምክር ማንንም አያሳፍርም፥ ማንንም አያስተምርም። ሦስተኛ፥ መካሪው ፈቃድ ከሚሰጠው ተለይቶ መቆም አለበት።

በተቃራኒው ፈርሶ የነበረውን መሥሪያ ቤት ስሙን ብቻ መመለስ አይበቃም የሚል ሰው እውነት አለው። ባለሙያ፥ በጀትና ያለ ፍርሃት የመናገር መብት ከሌለው ዐራተኛ አዋጅ ቢወጣ በሦስቱ ላይ መቈጠር ብቻ ነው። ስለዚህ ረቂቅ ደንብ ለሚያዘጋጅ ሁሉ ሦስት ጥያቄዎች በግዴታ እንዲቀርቡለት ሐሳብ አቀርባለሁ፤ ይህ ደንብ የሚጠብቀው ማንን ነው? በነጂውና በመንገደኛው ደኅንነት ላይ የሚጨምረው ምንድን ነው? ነባሩንና ዐዲሱን ለማስተካከል የነባሩን ሸክም ማቃለል አይቻልምን?

የኮሌጃችን የሕግና የኢኮኖሚ ተማሮች እነዚህን ጥያቄዎች ይዘው ከከተማው ደንቦች አንዱን እንኳ ቢመረምሩ ከዚህ ጽሑፍ የበለጠ ሥራ ይሠራሉ። ለመጀመርም ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ማለዳ ቤቴል ላይ ሚኒባስ የሚጠብቀው ሰልፍ እስኪያልቅ ድረስ የሰውየውን ሰዓት፥ የረዳቱን ገቢና የተራ አስከባሪውን ድርሻ፥ በስልክ የተጠራውንም ነጂ ሒሳብ ጠይቆ መጻፍ ይቻላል። መንግሥትን ለመምከር የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ይህን ማወቅ ይገባዋል።